በሁለት መስታወት መሀል የሚሰለፉ አተሞች፦ የሲሙሌሽን ስራ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት መግቢያ

እሺ ጀመርኩት። ሀሳቡ ክረምቱን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ነው የከረመው፣ አሁን ትምህርት ተከፍቶ የክፍለ ጊዜ ድልድሉም ስለተረጋጋ ማታ ማታ ትንሽ ሰዓት ይገኛል፣ ስለዚ እየሰራሁ እዚሁ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጣም የቀዘቀዙ አተሞችን ፊት ለፊት በተገጠሙ ሁለት መስታወቶች መሀል ታስቀምጣለህ፣ ከጎን ደሞ ሌዘር ታበራባቸዋለህ። ሌዘሩ ደካማ ሲሆን ምንም የለም፣ አተሞቹ እንደተበተኑ ናቸው፣ በመስታወቶቹ መሀልም ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ቀስ እያልክ ስትጨምር ግን የሆነ ልክ ላይ ስትደርስ አተሞቹ ማንም ሳያሰልፋቸው በመስመር ይሰለፋሉ፣ መሀሉም በብርሃን ይሞላል። ወሰን አለው፣ ከወሰኑ በታችና ከወሰኑ በላይ ያለው ነገር ከነጭራሹ አይገናኝም። ይሄንን በራሴ ላፕቶፕ ከባዶ ፋይል ጀምሬ ኮድ ጽፌ በአይኔ ማየት ነው የምፈልገው፣ ከዛ ለ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ክበብ ልጆች ማሳየት።

ለምን ይሄን መረጥክ ለምትሉኝ፣ ስለ ኳንተም ሲወራ ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ቅንጣት ነው የሚወራው፣ አንድ ኤሌክትሮን፣ አንድ ፎቶን ምናምን። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ብዙ ሲሆኑ የሚመጣው ነገር ነው። አንድ አተም ብቻውን የማያደርገውን መቶ ሺህ ሆነው ያደርጉታል፣ እዚ ደሞ ያ ለውጥ ከስንት አተም ጀምሮ እንደሚመጣ በቁጥር መያዝ ይቻላል።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ወረቀት ላይ

ኮድ ከመንካቴ በፊት ታሪኩንና ሂሳቡን ላስቀምጥ (አመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮበርት ዲክ 1954 ላይ ተጠጋግተው ያሉ አተሞች ብርሃን ሲያወጡ እያንዳንዱ ለየብቻው እንደሚያወጣ አድርጎ ማሰብ ልክ እንዳልሆነ አሳየ፣ እኩል ከተራመዱ ብርሃኑ በቁጥራቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ስኩዌር ያድጋል፣ አስር አተም የመቶ አተም ያህል ያበራል ማለት ነው። ሱፐርራዲያንስ ይሉታል። 1973 ላይ ሄፕና ሊብ የዲክን ሞዴል ይዘው በአተሞቹና በብርሃኑ መሀል ያለው ትስስር ከአንድ ወሰን ካለፈ ሲስተሙ በሙሉ ወደ ሌላ ፌዝ (ውሃ በረዶ ሲሆን እንደሚለወጠው ያለ ሁኔታ) እንደሚሻገር በሂሳብ አረጋገጡ። ከዛ ለረጅም ጊዜ ወረቀት ላይ ቀረ። 2002 ላይ ዶሞኮሽና ሪች የሚንቀሳቀሱ አተሞችን ካቪቲ ውስጥ (ካቪቲ ማለት ያው የሁለቱ መስታወቶች መሀል ነው) በሲሙሌሽን አስገብተው በራሳቸው ሲሰለፉ አዩ፣ በአመቱ የቩሌቲች ቡድን ስታንፎርድ ላይ በሲዚየም አተሞች በላብራቶሪ አየው፣ 2010 ላይ ደሞ ዙሪክ ያለው የኤስሊንገር ቡድን ወደ መቶ ሺህ በሚጠጉ የሩቢዲየም አተሞች፣ በቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት (አተሞቹ በጣም ከመቀዝቀዛቸው የተነሳ እንደ አንድ ሞገድ የሚሆኑበት ሁኔታ)፣ የዲክን የፌዝ ለውጥ እራሱን አሳየ።

የዙሪኩ ካቪቲ ቁጥሮች ያስደንቃሉ። በመስታወቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ወደ 0.2 ሚሊሜትር ቢጠጋ ነው፣ አንድ ፎቶን ግን ከመሹለኩ በፊት እዛች ክፍተት ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ ገደማ ይመላለሳል። ስለዚ አንድ አተም የበተነውን ብርሃን ሌላው አተም ደጋግሞ ያገኘዋል፣ ያኛው የበተነውንም ይሄኛው። አተሞቹ እርስ በርስ በቀጥታ የሚገፋፉት እዚ ግባ የሚባል አይደለም፣ የሚገናኙት ሁሉም በሚያዋጡባትና ሁሉንም መልሳ በምትገፋ በአንዲት የብርሃን ሞገድ በኩል ነው። ሩቅ ያለውም ቅርብ ያለውም እኩል ይሰማታል። ለኔ የዚ ጉዳይ ልብ ይሄ ነው።

የኔ ሲሙሌሽን የ2002ቱን መንገድ ነው የሚከተለው፣ አተሞቹ ክላሲካል ናቸው፣ በአንድ መስመር ላይ ነው የሚንቀሳቀሱት። ሶስት እኩልታ ብቻ ነው ያለው። የአተሙ ቦታ በፍጥነቱ ይቀየራል። ፍጥነቱ ደሞ በግፊት ይቀየራል፣ ግፊቱም የካቪቲው ብርሃን (አልፋ እለዋለሁ) ሲባዛ በቦታው ሳይን ነው። ሶስተኛ፣ አልፋ በሁሉም አተሞች የኮሳይን ድምር ይመገባል፣ በካፓ ፍጥነት ደሞ በመስታወቱ ይሾልካል። ከጎን ያለው ሌዘር ጥንካሬ ኢታ ነው።

ሶስተኛዋን እኩልታ ልብ በሉልኝ። አተሞቹ የትም ከተበተኑ የኮሳይኑ ድምር ፕላሱና ማይነሱ ይጣፋና ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ለዛ ነው ጨለማ የሚሆነው። የሞገዱን ጫፎች በተራ ቁጥር ብትሰጣቸው፣ ሁሉም አተሞች ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ጫፎች ላይ ቢሰበሰቡ ድምሩ ፕላስ ኤን ነው (ኤን የአተሞቹ ብዛት ነው)፣ ሁሉም ኢተጋማሾቹ ላይ ቢሰበሰቡ ማይነስ ኤን። ስኩዌር ሲደረግ ሁለቱም ያው ኤን ስኩዌር ናቸው። አሁን በአጋጣሚ ተጋማሾቹ ላይ ትንሽ ሰው በዛ እንበል (አተም ማለቴ ነው)፣ ትንሽ ብርሃን ይፈጠራል፣ ያ ብርሃን ሌሎቹንም ወደ ተጋማሾቹ ይገፋል፣ ብልጫው ይጨምራል፣ ብርሃኑም ይጨምራል። የሚያፈርሰው ሙቀት ነው፣ አተሞቹ እየተሯሯጡ ብልጫውን ይበትኑታል። ማን ያሸንፋል ነው ጥያቄው። ዴልታን (ሌዘሩ ከካቪቲው ፍሪኩዌንሲ ስንት ዝቅ እንዳለ) ከካፓ ጋር እኩል አድርጌ፣ የመነሻ ሙቀቱን ደሞ በኢነርጂ ሲለካ ከካፓ ጋር እኩል አድርጌ ስሰራው ወሰኑ አንድ መስመር ሆኖ ወጣ፦ ኢታ ሲባዛ በ√ኤን ከካፓ √2 እጥፍ፣ ማለትም ከ1.41 ካፓ፣ መብለጥ አለበት። ኮዱ ይሄን ቁጥር መልሶ ካልሰጠኝ አላምነውም።

ጥቅምት መጨረሻ

ኮዱ ሰራ። ፓይተን ነው፣ ነምፓይ (የሂሳብ ላይብረሪ) ብቻ፣ ሌላ ምንም አላስገባሁም ምክንያቱም ልጆቹ ሌላ ላይብረሪ በሌለበት ኮምፒውተር ላይም ማስኬድ መቻል አለባቸው። አተሞቹን በሊፕፍሮግ (ቦታና ፍጥነትን በየተራ በሚያራምድ ዘዴ) ነው የማራምዳቸው፣ አልፋን ደሞ በእያንዳንዱ እርምጃ በኤክስፖኔንሻል በትክክል እፈታዋለሁ፣ የጊዜ እርምጃው የካፓ ግልባጭ ሲባዛ በ0.05 ነው፣ አተሙ አንድ ፎቶን ሲበትን የሚያገኘው የሪኮይል ፍሪኩዌንሲ 0.01 ካፓ። መብራት ድንገት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ስለማያዛልቅ በየተወሰነ እርምጃው ሁሉንም ነገር ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

በ400 አተም ጀመርኩ። √400 ሀያ ነው፣ ስለዚ ወሰኑ ኢታ 0.07 አካባቢ ላይ መሆን አለበት። ኢታን 0.05 ሳደርገው በካቪቲው ውስጥ ያለው የፎቶን ብዛት በአማካይ ግማሽ ፎቶን ነው፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ የትም አይሄድም። 0.1 ሳደርገው ግራፉ መጀመሪያ ከመሬት አይነሳም፣ ልክ እንደበፊቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ ትንሽ ቀና ይልና በካፓ ግልባጭ ሀምሳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወደላይ ይተኮሳል፣ ከሚረጋበት ከፍታ አልፎ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ጥቂት ይወዛወዝና 160 ፎቶን ገደማ ላይ ይረጋል። ኢታ እጥፍ ሆነ እንጂ ሌላ የነካሁት ነገር የለም፣ ብርሃኑ ግን ሶስት መቶ እጥፍ ሆነ።

የአተሞቹን ቦታ ሂስቶግራም ጎን ለጎን አወጣሁት። መጀመሪያ ዝርግ ነው። ብርሃኑ ቀና ማለት ሲጀምር ሂስቶግራሙ ላይ እብጠት ይታያል፣ ከዛ ሸንተረር ይሆናል፣ ከዛ አንዱን ጫፍ እየዘለለ በየሁለተኛው ጫፍ ላይ ክምር። በመሀል የሚዞሩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጥ ያልቻሉ ፈጣን አተሞችም አሉ፣ ሁሉም አይሰለፍም።

ወሰኑን ለመፈተሽ ኢታን በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ ደጋግሜ አስኬድኩት። በ100 አተም ለውጡ ለስላሳ ነው፣ የት ጋ እንደጀመረ ጣትህን አታስቀምጥበትም። በ1600 ግን ሹል ሆኖ ይሰበራል፣ የሚሰበርበትም ቦታ ወረቀቱ ያለው 1.41 ላይ ነው። እዚ ጋ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ህዳር፣ ዣንጥላና ሌዘር

ልጆቹ ጋ ኮድ ይዤ ከመሄዴ በፊት በእጅ የሚነካ ነገር ፈለኩ። "ሲሰለፉ ብርሃኑ ይደመራል፣ ሲበተኑ ይጣፋል" የሚለውን በቃል ብትለው ይሰሙሃል፣ አያምኑህም።

የክፍሉን መስኮት በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ቀይ ሌዘር ፖይንተር (650 ናኖሜትር) ጠረጴዛ ላይ አስረን ወደ ግድግዳው አዞርነው፣ ማንም አይኑን ወደ ጨረሩ እንዳያመጣ አስጠንቅቄ። መጀመሪያ ደረቅ የመስኮት መስታወት ላይ የስንዴ ዱቄት በወንፊት በተንንና ሌዘሩን አሳለፍንበት። ግድግዳው ላይ ደብዛዛ ቀይ ክብ፣ ቀረብ ብለህ ስታየው ውስጡ በጥቃቅን ብሩህና ጨለማ ነጠብጣብ የተሞላ። ቅንጣቶቹ የትም ስላሉ ብርሃኑም የትም ነው። ቀጥሎ የተሰበረ ጥቁር ዣንጥላ ጨርቅ ወጥረን በዛ አሳለፍነው። ክፍሉ በአንዴ ጮኸ። ግድግዳው ላይ በረድፍና በአምድ የተደረደሩ ቀይ ነጥቦች፣ በመሀላቸው ጨለማ።

ግድግዳው ከጨርቁ 4 ሜትር ነበር። በአግድም በነጥቦቹ መሀል ያለው ርቀት 1.1 ሴንቲሜትር፣ በቁመት 8 ሚሊሜትር። የሞገድ ርዝመቱን በርቀቱ አባዝተን በነጥቦቹ ክፍተት ስናካፍል በአንድ ሴንቲሜትር 42 ክር በአንዱ አቅጣጫ፣ 31 ክር በሌላው ወጣ። ከዛ ጨርቁን በማስመሪያ ላይ ዘርግተን በስልክ ካሜራ አቅርበን ቆጠርን፣ ያው ነው። አንዲት ከመንዝ የመጣች ልጅ አለች፣ አባቷ ባና የሚሸምኑ፣ ጠቅጠቅ ያለው ድሩ ነው ሳሳ ያለው ማጉ ነው ብላ ገና ሳንቆጥር ነው የነገረችን። ከዛ ደሞ ዝም ብላ ቆይታ እንዲህ አለች፦ "ቲቸር፣ እዚ ድርና ማግ ያስገባ ሰው አለ። አተሞቹን ግን ድርና ማግ የሚያስገባላቸው ማነው?"

ከዚ የተሻለ ጥያቄ ሊመጣ አይችልም። የዣንጥላው ጨርቅ አስቀድሞ ተሸምኖ ነው ብርሃኑ የመጣበት፣ ብርሃኑ ስርአቱን ያነባል እንጂ አይሰራውም። ካቪቲው ውስጥ ግን የሚያነበውም የሚሸምነውም ብርሃኑ ነው፣ አተሞቹ በተሰለፉ ቁጥር ብርሃኑ ይበረታል፣ ብርሃኑ በበረታ ቁጥር አተሞቹን ይይዛል። ሰሌዳ ላይ ይሄን ስስል ማንም አላንቀላፋም።

ስለ ቅዝቃዜውም ጠየቁኝ። ህዳር ነው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ ስለዚ እዛው ላይ አሰላነው። ውርጭ ማለት ወደ 273 ኬልቪን ነው። የኮንደንሴት አተሞች አንድ ኬልቪን ለአስር ሚሊዮን ቢካፈል የሚደርሰው፣ ማለትም መቶ ናኖኬልቪን አካባቢ ናቸው። ከጠባሴ ውርጭ ወደ ሶስት ቢሊዮን ጊዜ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ለምን እንደዛ መቀዝቀዝ አስፈለገ አሉ፣ መልሱን ከላይ ያለው ወሰን ይዞታል፣ ሙቀቱ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ሌዘርም ይቀንሳል። በኮንደንሴት ላይ ሙቀቱ ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ወሰኑን የሚያስቀምጠው አተሙ በፎቶን ሲገፋ የሚያገኘው የሪኮይል ኢነርጂ ነው፣ የኔ ኮድ እዛ ድረስ አይሄድም፣ እሱ ኳንተም ይፈልጋል።

ህዳር መጨረሻ፣ የአተም ቁጥር

ይሄኛው ላይ ቆይቻለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምወደው ነው። እስካሁን አተሙን አስቀምጬ ሌዘሩን ነበር የምጨምረው። አሁን ሌዘሩን ቁልፍ አድርጌ (ኢታ 0.1) አተም ብቻ ልጨምር አልኩ። ወረቀቱ ላይ ወሰኑ ልክ 200 አተም ላይ ይወድቃል። ከዛ በታች ብርሃኑ በኤን ማደግ አለበት፣ ከዛ በላይ በኤን ስኩዌር።

ሎግ ሎግ ግራፍ ላይ ሳስቀምጠው ከታች ያለው እግር ወደ አንድ የተጠጋ ተዳፋት አለው፣ ከላይ ያለው ሁለትን ትንሽ ያልፋል፣ መሀላቸው ላይ ግን ገደል ነው። 100 አተም ግማሽ ፎቶን ይሰጣል። 400 አተም 160። አተሙ አራት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሶስት መቶ እጥፍ። ከዛ 1600 ሳደርገው 4600 ገደማ፣ ይሄ ሀያ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው፣ ኤን ስኩዌር ብቻ ቢሆን አስራ ስድስት መሆን ነበረበት። ትርፉ ከየት መጣ ብዬ የስርአቱን መለኪያ ቴታን (የኮሳይኖቹን አማካይ፣ ዜሮ ከሆነ ብትንትን፣ አንድ ከሆነ ፍጹም ሰልፍ) አየሁት። በ400 አተም 0.45 አካባቢ ነው፣ በ1600 ወደ 0.6። ማለትም ብዙ ሲሆኑ ብዛታቸው ብቻ አይደለም የጨመረው፣ ሰልፉም ጠበቅ ብሏል። ሁለቱን ስታባዛ ቁጥሩ ይገጥማል።

በነገራችን ላይ ይሄ አተሞቹ የሚስማሙበት ባህሪ ለሌላም ነገር ይውላል። 2012 ላይ አሜሪካ ቦልደር ያለው የጂላ ላብራቶሪ በሩቢዲየም አተሞች ሱፐርራዲያንት ሌዘር ሰርቷል፣ በካቪቲው ውስጥ በአማካይ ከ0.2 ፎቶን በታች ይዞ። ተራ ሌዘር ላይ የፍሪኩዌንሲው ትውስታ የሚቀመጠው በመስታወቶቹ መሀል ባለው ብርሃን ነው፣ መስታወቱ በሙቀት ሲንቀጠቀጥ ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ እዚ ግን ትውስታው አተሞቹ ውስጥ ስለሆነ የመስታወቱ መንቀጥቀጥ ያን ያህል አይነካውም። ለአቶሚክ ሰዓት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

ታህሳስ፣ ሁለቱ ምርጫዎች

ያንኑ ኮድ፣ ያንኑ ቁጥሮች፣ የመነሻ ቦታቸው ብቻ በራንደም የተለያየ ብዙ ሩን አስኬድኩና የእያንዳንዱን የመጨረሻ አልፋ በኮምፕሌክስ ሜዳ ላይ (አልፋ መጠንም አቅጣጫም ስላለው) ነጥብ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሁለት ክምር ብቻ። አንዱ ወደላይ ወደቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ሌላው ትክክል ተቃራኒው ወደታች ወደግራ። በመሀል ማንም የለም። ላይኛው ክምር ውስጥ ያሉት ሩኖች ላይ አተሞቹ ኢተጋማሽ ጫፎች ላይ ናቸው፣ ታችኛው ላይ ተጋማሾቹ ላይ። ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል ሁኔታ ነው የተካፈሉት።

እኩልታው ሁለቱን አያበላልጥም። አንዱን የሚያስመርጠው በመነሻው ላይ ያለችው የአጋጣሚ ብልጫ ናት፣ ከ400 ውስጥ ጥቂት አተም ወደ አንዱ ማድላቱ። አንዴ ከተመረጠ ግን ሁሉም በዛው ነው፣ አልፋ በሙሉ ወደዛ ይዞራል። የዙሪኩ ቡድን 2011 ላይ ይሄንኑ በላብራቶሪ አይቶታል፣ ከካቪቲው የሚሾልከው ብርሃን ፌዝ (እዚ ጋ የሞገዱ ጫፍ የት ላይ እንዳለ ማለት ነው) ዜሮ ወይም ፓይ ብቻ ይሆናል። የካቪቲ ውበቱ እዚ ጋ ነው፣ ብርሃኑ ስለሚሾልክ አተሞቹን ሳትነካቸው ውጪ ቁጭ ብለህ የትኛውን እንደመረጡ፣ መቼ እንደመረጡ በቀጥታ ታያለህ። በሌሎች የቀዘቀዙ አተሞች ሙከራዎች ላይ ብዙ ጊዜ ናሙናውን አጥፍተህ ነው የምታውቀው።

ታህሳስ፣ ገና ሊደርስ ሲል

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ አጭር ጊዜ ላይ ነው። በገና እረፍት ላፕቶፑን ሌሊት ሌሊት ስለምተወው ረጅም ሩን ልሞክር አልኩ፣ አሁን ደሞ የሚሾልከው ብርሃን የሚያመጣውን ኖይዝ (የዘፈቀደ መንቀጥቀጥ) ጨመርኩበት፣ እሱ ከሌለ ረጅም ጊዜ ላይ ያለው ፊዚክስ ትክክል አይመጣም። አንደኛውን ሩን ሆን ብዬ ከወሰኑ በታች አስቀመጥኩት፣ ኢታ በ√ኤን 1.2 ካፓ፣ ማነጻጸሪያ እንዲሆነኝ ነው፣ ምንም እንደማይፈጠርበት ገምቼ።

ጠዋት ስከፍተው ተሰልፏል። ግራፉ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ መሀል ላይ መንቀጥቀጡ እየሰፋ ይመጣል፣ ከዛ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሌዘሩን ማንም አልነካውም። ፈልጌ ያገኘሁት መልስ ሙቀቱ ውስጥ ነበር፣ የአተሞቹን የፍጥነት ስርጭት በየጊዜው ሳወጣው ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዙ ነው ያደሩት። ሌዘሩ ከካቪቲው ፍሪኩዌንሲ ዝቅ ስላለ አተሙ የሚበትነው ፎቶን በአማካይ ከፍ ባለ ኢነርጂ በመስታወቱ ይወጣል፣ ልዩነቱን የሚከፍለው የአተሙ እንቅስቃሴ ነው። ወረቀቱ ላይ ይሄ ቅዝቃዜ የሚቆመው ሙቀቱ የካፓ ግማሽ ሲሆን ነው፣ በዛ ሙቀት ደሞ ወሰኑ ከ1.41 ወደ 1 ካፓ ይወርዳል። የኔ 1.2 በሁለቱ መሀል ነው ያለው። መነሻው ላይ ከወሰኑ በታች ነበር፣ ወሰኑ እራሱ ወርዶ መጣለት። ኢታ በ√ኤን 0.9 ላይ አስቀምጬ ደገምኩት፣ እሱ እስከ መጨረሻው ብትንትን ነው፣ እንደሚጠበቀው።

ከላይ 400 አተም ላይ ቴታ ለምን 0.45 ብቻ ሆነ ለሚለውም መልሱ እዚ ነው። አተሞቹ ወደ ጉድጓዱ ሲወድቁ ፍጥነት ያገኛሉ፣ ማለትም ሲሰለፉ ይሞቃሉ፣ የሞቀ ደሞ በደምብ አይሰለፍም። ረጅም ጊዜ ሲሰጠው ካቪቲው ያን ሙቀት ቀስ እያለ ያወጣዋል፣ ቴታ 0.45 ላይ ጀምሮ በሌሊቱ ውስጥ ከ0.8 በላይ ይወጣል። የሚሾልክ መስታወት ጉድለት ይመስላል፣ እዚ ግን ባይሾልክ ኖሮ ሰልፉ ግማሽ ላይ ይቀር ነበር።

ለልጆቹ ይሄን ግራፍ በትልቁ አትሜ ሰጠኋቸው። ስሰጣቸው ሌላ ምንም አላልኩም፣ "ሌዘሩ አልተነካም፣ ታዲያ ለምን ተነሳ?" የሚል ጥያቄ ብቻ ከስሩ ጽፌ። ሁለቱ ልጆች ሙቀት ነው ብለው መጥተዋል፣ አንዱ የወሰኑን ቀመር እስከነ መንገዱ ሰርቶ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

አዲስ ነገር ጀመርኩ። ሁለቱን መስታወቶች ትቼ ብርሃኑ በሁለት አቅጣጫ የሚዞርበት የቀለበት ካቪቲ ላድርገው። በኮድ ደረጃ ቀላል ነው፣ አንድ አልፋ የነበረው ሁለት ይሆናል፣ አንዱ በኮሳይን ድምር የሚመገብ፣ ሌላው በሳይን። የፊዚክሱ ልዩነት ግን ትልቅ ነው፣ መስታወቱ ቆሞ ጫፎቹን የት እንደሆኑ የሚወስንበት ነገር ስለጠፋ ሰልፉ የትም ቦታ ላይ መጀመር ይችላል። ዙሪክ ላይ 2017 በሌላ መንገድ፣ በ60 ዲግሪ የተቋረጡ ሁለት ካቪቲዎች ተጠቅመው፣ እንዲህ አይነት ቀጣይ ምርጫ ያለው ሱፐርሶሊድ (እንደ ጠጣር የተሰለፈ፣ ግን ያለ ሰበቃ የሚፈስ ነገር) ሰርተዋል።

የመጀመሪያው ውጤት ወጥቷል። ወሰኑ አልተንቀሳቀሰም፣ አሁንም 1.41 ላይ ነው፣ ሁለት ሞድ (ሁለት የብርሃን ሞገድ) ስለሆነ ይቀንሳል ብዬ አስቤ ነበር፣ ወረቀት ላይ ስሰራው ግን ተመሳሳይ መሆን እንዳለበት ይወጣል ምክንያቱም አንድ ሰልፍ ሲጀምር የሚመግበው የሁለቱን አንድ ቅልቅል ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን ነጥቦች ሜዳ ላይ ሳስቀምጥ ደሞ ሁለት ክምር የለም፣ ሙሉ ክብ ነው፣ እያንዳንዱ ሩን የራሱን ማዕዘን ይዟል። ኖይዙን ሳበራው ያ ማዕዘን አይቆምም፣ ሰልፉ ሳይፈርስ፣ ቴታ ሳይቀንስ፣ ክምሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። በሁለት ምርጫው ካቪቲ ላይ ይሄ የለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ሰልፉ መፍረስ አለበት።

አሁን ላፕቶፑ ላይ እየሄደ ያለው የ1600 አተም ሩን ነው፣ ኢታ በ√ኤን እንደ 400ው ሆኖ። ኖይዙ በብዙ አተም ስለሚካፈል የማዕዘኑ መንሸራተት በስኩዌር ሲለካ በአራት እጥፍ ገደማ ይቀንሳል ብዬ ነው የምጠብቀው። ሲያልቅ ሁለቱን ግራፎች አስተያይቼ ቁጥሩን እዚሁ ስር አስገባለሁ፣ ኮዱንም ለክበቡ ልጆች በፍላሽ እገለብጥላቸዋለሁ።